የፊርማው ወረቀት፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የፌሎሺፕ ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 18፣ 2017 ዓ.ም.

ትናንት መስቀል ነበር። ነጠላዬ ገና ደመራ ደመራ ይሸታል። ዛሬ ሱሉልታ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ሻይ ቤት ሦስት ሆነን ተቀመጥን። አንዱ ጡረታ የወጣ የጤና መኮንን ነው። ሌላው የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። 14 ዓመት አስተማርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሥልጠና ሳዘጋጅ ነው የኖርኩት።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ዙሪያ 18 ወጣቶች እንመርጣለን። ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከገላን፣ ከዱከም፣ ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ። እስከ ግንቦት ድረስ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። እያንዳንዱ ወጣት በሰፈሩ አንድ የሰው ነገር ይረከባል፤ ገንዘብ ይሁን ውኃ፣ ወተት ይሁን መዝገብ። ጠብቆ ይይዛል፣ በጊዜው ያስረክባል። ትምህርቱ በዚያ ዙሪያ ይሆናል።

ስሙ ላይ ብዙ ቆየን። ሥልጠና ካልነው ሰው ቶሎ የሚታየው አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ የሻይ ዕረፍትና አበል ነው። በመጨረሻ ፌሎሺፕ አልነው። ቃሉ የውጭ ቢሆንም ወጣቶቹ ያውቁታል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎሺፕ የአፍሪካ ወጣቶችን ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይወስድ ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር 500 ሄደዋል። በናይሮቢ ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የያሊ (የአፍሪካ ወጣት መሪዎች ፕሮግራም) ማዕከል ደግሞ ከኢትዮጵያ ሄደው የተማሩ ብዙ ናቸው። እነዚህ የልጆችን ዓይን የሚከፍቱ ፕሮግራሞች ናቸው። እኔ የጎደለ የሚመስለኝ ሌላ ነው። ወጣቱ ሄዶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ጎረቤቱ ስለ እሱ ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም። የእኛ ፌሎሺፕ ከቤቱ አያርቀውም። ጎረቤቱ ያየዋል።

ለምን ከከተማ ዳር? ሰው እዚህ ገና እየተላመደ ስለሆነ ነው። አንዱ እዚሁ መሬት ላይ ተወልዶ ያደገ ገበሬ ነው። ሌላው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት ከመሀል ከተማ የመጣ ነው። ሌላው ደግሞ ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ከሩቅ መጥቶ ቤት የተከራየ። በ2015 ዓ.ም. ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ በሸገር ከተማ ሥር ሲገቡ መሥሪያ ቤቱም ማኅተሙም ተቀያይሯል። በዚህ መሀል ሁሉም የሚያምነው ወጣት ከየት ይምጣ? ከቤት ያወጣን ይህ ጥያቄ ነው።

ጥቅምት 2

የማመልከቻ ቅጽ በትነን ነበር። «ለምን መሪ መሆን ይፈልጋሉ?» የሚል። ተቀምጠን ስናነበው አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። ራዕይ፣ ለውጥ፣ ተጽዕኖ ፈጣሪ። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። እንዲያ ያስባላቸው የእኛ ጥያቄ ነው።

አባባ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፉት። «ልጄ፣ አንደበተኛውን ለጊዜው ተይው። ለቅሶ ሲያልቅ ድንኳኑን ነቅሎ፣ ካስማውን ቆጥሮ የሚመልሰው ልጅ ማነው ብለሽ ጠይቂ።»

ስለዚህ ሰሞኑን ዕድር ዕድር እየዞርን ነው። ዕቁብ ዳኞች ጋ፣ የሴቶች ማኅበር ጋ፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ጋ፣ ሰንበት ትምህርት ቤትና መስጊድ ጋም ሄደናል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ገንዘባችሁንና ዕቃችሁን ለየትኛው ወጣት አደራ ትሰጣላችሁ?»

የመጡት ስሞች ቅጽ ከሞሉት መካከል አልነበሩም። ሱሉልታ ላይ ለወተት ማኅበር ወተት የምትረከብ ልጅ። ቡራዩ ላይ ተሳፋሪ የረሳውን ቦርሳ ይዞ ሰፈር ለሰፈር የዞረ የባጃጅ ሹፌር። ገላን ላይ የቀን ሠራተኞችን ሒሳብ የሚይዝ ልጅ። «እኔ? መሪ?» ነው መልሳቸው።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ እንዳልረሳው። ውለታ የዋሉልኝ ሰው ደውለው የእህታቸውን ልጅ እንዳስገባላቸው ጠየቁኝ። እሺም እምቢም ሳልል ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ደውዬ «እንደሌሎቹ በዕድሯ በኩል ትምጣ» አልኳቸው። ቅር አላቸው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ለሌላ ሰው ሲመክሩት ቀላል ነው።

ጥቅምት 23

የመጀመሪያው ቅዳሜ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ ናት፤ የኮዬ ፈጬ ልጆች ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉን መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው። ከሚቀጥለው ጀምሮ ቦታው ይዞራል።

ሁለተኛው ትምህርት ቋንቋ ነው። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ነው ያስኬድኩት። የወተቷ ልጅ አንድም ቃል አልተናገረችም። ዓይን አፋር መሰለችኝ። ሻይ ሰዓት ላይ ከሰበታው ልጅ ጋ በኦሮምኛ ስታወራ ሰማኋት። ትከራከራለች፣ ምሳሌ ታመጣለች፣ ሰው ይስቅላታል። እኔ ነኝ አፏን የያዝኩት። ከእንግዲህ ሁለቱም ቋንቋ ይነገራል፤ አንዱ ለአንዱ ያስተረጉማል። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

ለመጓጓዣና ለውሎ ለእያንዳንዱ 400 ብር አበል መደብን። የፊርማ ወረቀት ዞረ። እንደተለመደው።

ኅዳር 7

ዛሬ የሆነውን ሳልቀባባ ልጻፈው።

ቦታው ሰበታ ነበር። ምሳ የሚያዘጋጁልን እትዬ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ «የሁለት ሰው ምሳ ተረፈ» አሉኝ። 18 ሰው ነው ያዘዝኩት። የፊርማ ወረቀቱን አወጣሁ፤ 18 ፊርማ አለበት። 36 ጫማ አልቆጠርኩም እንጂ ሰው ግን 16 ነበር። ሁለት ያልመጡ ልጆች ፈርመዋል። ማለትም ሌላ ሰው ፈርሞላቸዋል። ገንዘቡም ተወስዷል።

በእሴት ላይ የቆመ መሪ እናፈራለን ብለን በጀመርን በሁለተኛው ቅዳሜ!

የጤና መኮንኑ ተናደደ። «ዛሬውኑ ይባረሩ፣ ለሌላው ትምህርት ይሆናል» አለ። አባባ ዝም አሉ። እኔ የመኪናው መስታወት ላይ ተደግፌ ሌላ ነገር አስብ ነበር።

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥልጠና አዘጋጅ ነበርኩ። ግማሽ ቀን የፈጀውን ሥልጠና ሙሉ ቀን ብዬ ፈርሜ አውቃለሁ። ሁለት ቀን አድረን የሦስት ቀን አበል ወስጃለሁ። ማንም አልደበቀውም። ወረቀቱ ይዞራል፣ «ፈርሙና ሂዱ» ይባላል፣ ይፈረማል። ሌብነት ነው ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። ያንኑ ወረቀት፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው «ተ.ቁ.፣ ስም፣ ፊርማ» አስምሬ ለእነዚህ ልጆች ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። «መጣህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «ምን ሠራህ?» ብሎም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ፊርማ ነው። ለፊርማ 400 ብር ከፍለን ፊርማ ገዛን። የገዛነውን አገኘን።

ልጆቹ አላጠፉም እያልኩ አይደለም። አጥፍተዋል። ግን መጀመሪያ ማን መናገር እንዳለበት አውቃለሁ።

ኅዳር 8

እሑድ ነው። ከቅዳሴ መልስ አራቱንም ደወልኩላቸው። ሁለቱ ያልመጡት፣ ሁለቱ የፈረሙላቸው። አንዱ ያልመጣው የቀን ሥራ ተገኝቶለት ነው። ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ኑሮው እንዴት እንደከበደ ሁላችንም እናውቃለን። የቀን ሥራ የተጠራ ልጅ እምቢ አይልም። የፈረመለት ጓደኛው ደግሞ «ተጎድቶ ነው መምህርት፣ እንዲያግዘው ብዬ ነው» አለኝ። ከገንዘቡ ለራሱ ሳንቲም አልነካም። ፍቅር ነው ያስፈረመው። ይህን ስሰማ ነገሩ ከበደኝ። ሌብነት ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር።

ኅዳር 21

ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ቦታው ቡራዩ ነው። መጀመሪያ የራሴን ተናገርኩ፤ መሥሪያ ቤቱን፣ ቀኑን፣ የወሰድኩትን አበል። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሲያልቅ ማንም አላየኝም፤ ሁሉም መሬት መሬት ነው የሚያየው። ከዚያ አራቱ ተራ በተራ ተናገሩ። ማንም አላስገደዳቸውም።

ረጅም ዝምታ ሆነ። የገላኑ ልጅ ነው የሰበረው። «እኔ የሠራተኛ ሒሳብ ነው የምይዘው። ያልመጣ ሰው ስም ብሞላ ሌባ ነኝ እላለሁ። አሠሪውን አውቀዋለሁ፣ ላቡን አይቼዋለሁ። እዚህ ግን ማንን እንደምሰርቅ አልታየኝም። የፕሮጀክት ገንዘብ ነዋ።»

«የፕሮጀክት ገንዘብ ነዋ።» ይህን ስንቴ ሰምቻለሁ! ባለቤት የሌለው ገንዘብ ማለት ነው። የዕድር ገንዘብ የበላ ሰው ሰፈር ለቆ ይሄዳል፤ አደራ በላ የሚል ስም ከልጅ ልጁ አይለቅም። የፕሮጀክት ገንዘብ የበላ ግን ቀና ብሎ ይሄዳል። ልዩነቱ የልጆቹ ባሕርይ ላይ አይደለም። አንዱን ገንዘብ ማን እንዳዋጣው ይታያል፣ ሌላው ከየት እንደመጣ አይታይም።

እዚያው የወሰንነው፦ አበል ቀረ። እስከ ግንቦት ለአበል የተመደበው ገንዘብ በሙሉ ስንት እንደሆነ በይፋ ነገርናቸው። ገንዘቡ የእነሱ የጋራ ሆነ። እንደ ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጡ። ለእያንዳንዱ የሚከፈለው የእውነተኛ የታክሲ ሒሳቡ ነው፤ ከኮዬ ፈጬ የመጣና ከጎረቤት የመጣ እኩል አይወስድም። የቀን ሥራ ትቶ ለሚመጣ ደግሞ እነሱው ተነጋግረው ድጎማ ቆረጡ። የሚተርፈው በየሰፈሩ ለሚሠሩት ሥራ ይውላል። ያለ አግባብ የተወሰደው 800 ብር በሁለት ወር ይመለሳል።

ሹመቱ ስንት ጊዜ ይቆይ በሚለው ሞቅ ያለ ክርክር ተነሣ። የሰበታው ልጅ ገዳን አመጣ። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ትውልድ ለሌላው እንደሚተላለፍ፣ ጊዜው ሲደርስ ቦኩውን፣ የሥልጣን በትሩን፣ ይዞ የሚቀር እንደሌለ አስረዳ። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ሲመዘግበው አያቱ «ዛሬ ገና ነው የሰሙት?» ማለታቸውንም ነገረን። በ8 ዓመት ፋንታ 2 ወር አልነው። በየ2 ወሩ ሦስቱም ይለወጣሉ፣ መዝገቡ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ከዚያ ይረከባሉ።

የፊርማው ወረቀት እኔ ጋ ነው። አልቀደድኩትም።

ታኅሣሥ 19

አስፐን ኢንስቲትዩት የሚባለው የአሜሪካ ተቋም መሪዎችን ክብ አስቀምጦ የጥንት ጽሑፍ ያስነብባል፤ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ጥሩ ኅብረተሰብ የተጻፈ። ያነባሉ፣ ይከራከራሉ። ዘዴው ደስ ይለኛል። እኛ ግን የሰፈራችንን ዕድር መተዳደሪያ ደንብ አነበብን። አባባ አባዝተው አመጡት። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል።

ሁለት ሰዓት መደብን፣ አራት ሰዓት ፈጀ። ገንዘብ ያዡ በእጁ ከተወሰነ ብር በላይ አይዝም ይላል። ከባንክ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል ይላል። «ለምን? አያምኑትም ማለት ነው?» ብላ አንዷ ጠየቀች። አባባ መለሱ፦ «ስለምናምነው ነው። ሌሊት ሌባ ቤቱ ቢገባ፣ ልጁ ቢታመም፣ እሱ ራሱ ቢቸግረው ምን ያድርግ? ደንቡ የሚጠብቀው እሱን ነው።» ይህን ንግግር ሦስት ልጆች ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ አየሁ። እኔም ጻፍኩት። ስለ ተቋም ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል አላውቅም።

ሌላው ያቆየን አንቀጽ፣ መዋጮ ያልከፈለ አባል ሲሞትበት ዕድሩ ምን ያድርግ የሚለው ነው። ደንቡ ገንዘብ አይሰጥም ይላል። ሰው ግን ይቀብራል፣ ድንኳንም ይተክላል። ይህ ደንብ መጣስ ነው ወይስ ሌላ ደንብ አለ? ጨለማ እስኪሆን ተከራከሩ። አልተስማሙም። ተውኳቸው።

ጥር 17

ጥምቀትም አለፈ። የመጀመሪያው የሒሳብ ርክክብ ዛሬ ተደረገ። 35 ብር ጎደለ። ፍለጋው 40 ደቂቃ ወሰደ፤ ከለገጣፎ መገናኛ የተከፈለ የታክሲ ሒሳብ ሳይጻፍ ቀርቶ ነው። ተገኘ። ማንም «35 ብር ምን አላት» አላለም። የ800 ብሩም ተመልሶ ገብቷል።

የካቲት 1

ሁሉም አደራውን ተረከበ። ጥቂቱን ብቻ ልጻፍ።

የኮዬ ፈጬው ልጅ የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ለውኃ ፓምፕ በየወሩ የሚያዋጡትን ገንዘብ ይሰበስባል። የለገጣፎዋ ልጅ የውኃ ፈረቃ ትመዘግባለች፤ የለገዳዲ ግድብ ከጎናቸው ሆኖ ቧንቧቸው የሚመጣበትን ቀን ጠብቀው የሚያድሩ ቤቶች አሉ፣ ቀኑን ጽፎ የያዘ ግን አልነበረም። የቡራዩው ባጃጅ ሹፌር የማኅበራቸውን የተራ መዝገብ ይይዛል። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ተራ ማለት እንጀራ ነው። የወተቷ ልጅ እዚያው ወተቷ ላይ ናት፤ አዲሱ ነገር ልኬቱን ለሁሉም በሚታይ ሰሌዳ ላይ መጻፏ ነው።

አንዷ ልጅ ትዳር ይዛ ጅማ ሄደች። 17 ቀሩ።

የካቲት 29

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመዋል። ምሳ የሚበላ የለም ማለት ይቻላል። እትዬ ተቸገሩ፤ «ታዲያ ለማን ልሥራ?» አሉ። የኮሚቴው ዳኛ የምሳውን ገንዘብ ወደ ጋራ ገንዘባችን ሳጥን መለሰው። አንዱ ጾሙን ቀደም ብሎ ይፈታል፣ ሌላው ፀሐይ ስትጠልቅ። ቀድመው የሚፈቱት ተነጋግረው ጠበቁ፣ ማታ አብረን ሽሮና ቴምር ቀመስን።

መጋቢት 13

የወተቷን ልጅ ታሪክ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

በጾም ወራት የወተት ገበያ ይወድቃል። ላሟ ጾም አታውቅም፤ ወተቱ ይመጣል፣ የሚጠጣው ይቀንሳል፣ ዋጋው ይወርዳል። ገበሬው መኖውን የሚገዛው በዚያው ዋጋ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ይፈተናል። ጣሳው ላይ ትንሽ ውኃ ጠብ ይደረግበታል።

ላክቶሜትር የሚባል መለኪያ አለ፤ ወተቱ ላይ የሚንሳፈፍ የመስታወት ዘንግ ነው። ንጹሕ የላም ወተት ከውኃ ይከብዳል፣ እፍጋቱ 1.03 ገደማ ነው። ውኃ ሲገባበት ይቀልልና መለኪያው ወደ ታች ይሰምጣል። መለኪያው ዘመድ አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አጎቷ ወተት ይዘው መጡ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። መለኪያው ሰመጠ። ደግማ ለካች፣ ሰመጠ። ኋላቸው ሰልፍ አለ። «አጎቴ፣ ዛሬ አልቀበልም» አለቻቸው። ሰሌዳው ላይ ከስማቸው ትይዩ ልኬቱን ጻፈችው። ጣሳቸውን አንሥተው ምንም ሳይሉ ሄዱ። ማታ እናቷ «ያሳደገሽን ሰው በሰው ፊት አዋረድሽው» አሏት። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ዛሬ ይህን እያለቀሰች በኦሮምኛ ነገረችን። የሰበታው ልጅ ሲያስተረጉም የእሱም ድምፅ ይቆራረጥ ነበር።

መጀመሪያ ሁሉም አሞገሳት። «ጀግና ነሽ፣ ይሉኝታን ሰበርሽ።» እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። ሙገሳው አልገባላትም። ያኔ የዱከሟ ልጅ ተናገረች፦ «ይሉኝታ ሁሉ ፍርሃት አይደለም እኮ። ሌላው ሰው እንዳይጎዳ ማሰብም አለበት። ወተቱን መመለሷ ልክ ነው። ስማቸውን ሰሌዳ ላይ መጻፉ ግን?» ዝም አልን። ሰሌዳው የእኔ ሐሳብ ነበር። ግልጽነት ብዬ።

ከዚያ ሰፉ ስለሚባለው የኦሮሞ እሴት ተነሣ። እኔ ሰፉን እስከዛሬ «ነውር» ብዬ ነበር የምተረጉመው። የሰበታው ልጅ አረመኝ፦ «ነውር ብቻ አይደለም መምህርት። ለሁሉም ነገር ተገቢ ቦታ አለው ማለት ነው። ለአጎቷ ክብር አላቸው። ለወተቱም ክብር አለው፣ ሕፃን ይጠጣዋል። ሁለቱንም መጠበቅ ነው ሰፉ።»

ሁለቱንም መጠበቅ። እኔ ስንት ዓመት «እውነት ወይስ ይሉኝታ፣ ምረጡ» እያልኩ አስተምሬያለሁ።

እዚያው ተቀምጠን መላ ፈለግን። ሰሌዳው ላይ ስም ይቀርና ቁጥር ይሆናል። ልኬቱ ከሰልፉ ገለል ባለ ጠረጴዛ ላይ ይደረጋል። ወተቱ የወደቀበት ሰው ለብቻው ይነገረዋል፤ በሳምንት ሁለቴ ከወደቀ ነገሩ ለማኅበሩ ኮሚቴ ይሄዳል። ውኃ የገባበት ወተት ግን የማንም ይሁን የማን አይገባም። ነገ ከአባባ ጋ ሆና አጎቷ ቤት ትሄዳለች። ይቅርታ የምትጠይቀው ስማቸውን ስለጻፈች ነው። ወተቱን ስለመለሰች አትጠይቅም። ይህን ልዩነት ራሷ ናት ያወጣችው።

መጋቢት 27

ቡራዩ ተሰብስበን ስለ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ አወራን። ከዚህ በሆለታ መንገድ ወጣ ሲባል ደስታ መንደር አለ፤ የሃምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ለታካሚዎቹ ያቋቋመው መንደር ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1959 እ.ኤ.አ. ለሦስት ዓመት ውል መጥተው ዕድሜያቸውን እዚህ የፈጸሙ ሐኪሞች ናቸው፤ በ1974 እ.ኤ.አ. የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ማሚቱ በመጀመሪያ ታካሚ ነበሩ። ከወሊድ ጉዳት ድነው ከሐኪሞቹ ጋር ቀሩ። አልጋ ከማንጠፍ ተነሥተው፣ ቀዶ ሕክምና አጠገብ እየቆሙ እያዩ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው የተመሰከረላቸው የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከሃምሊኖቹ ጋር የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጀንስ ሜዳልያ ተቀብለዋል።

ልጆቹን የገረማቸው የማሚቱ ጉብዝና ነው። እኔን የሚገርመኝ ቢላዋውን የሰጧቸው ሰዎች ናቸው። ወረቀት የሌላት ሴት እጇን አይቶ ማመን፣ ከባድ ሥራ አሳልፎ መስጠት። መሪ ማለት አደራ የሚቀበል ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ አደራ የሚሰጥም ነው። የባጃጁ ሹፌር የተራ መዝገቡን በሳምንት ሁለት ቀን ለሌላ ልጅ መስጠት እንደጀመረ የነገረን ከዚህ በኋላ ነው። «ያቃጥለኛል፣ ግን ሰጠሁት» አለ።

ሚያዝያ 18

ፋሲካን አክብረን ተመለስን። ፈተና አልሰጠንም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየሰፈሩ እየዞርን ጥቅምት ላይ የጠየቅነውን ጥያቄ ደግመን እየጠየቅን ነው፦ «ገንዘባችሁንና ዕቃችሁን ለማን አደራ ትሰጣላችሁ?» የእኛን ልጅ ስም አንጠራም። እነሱ ከጠሩት ይጠሩታል።

ከ17ቱ የ12ቱ ስም ተጠራ።

ካልተጠሩት አንዱ የኮዬ ፈጬው ልጅ ነው፤ በጣም የምወደው ልጅ። የፓምፑን ገንዘብ ሰብስቦ ሳለ አንዲት ጎረቤት ልጇ ሌሊት ታመመባት። 6,000 ብር አውጥቶ ሰጣት። ማንንም አልጠየቀም። ልጁ ዳነ፣ ገንዘቡም በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። በመሀሉ ግን ፓምፑ ተበላሽቶ ማሠሪያ ጠፋ፤ አምስተኛ ፎቅ ያሉ አረጋውያን በጀሪካን ውኃ ሲያመላልሱ ከረሙ። የብሎኩ ሰዎች የነገሩን እንዲህ ነው፦ «ልቡ ወርቅ ነው። ገንዘቡ ግን የእሱ አልነበረም።»

ማታ ደወልኩለት። «አባባ ስለ ሦስቱ ፊርማ የነገሩንን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ መምህርት» አለኝ። «ሌሊት ስለነበር ነው።» ምን እንደምለው ጠፋኝ። እኔስ ብሆን? አሁንም አላውቅም። ከነዋሪዎቹ ጋ ተነጋግሮ ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ትንሽ ተቀማጭ ለብቻው እንዲያዝ፣ ሁለት ሰው በስልክ ከተስማማ እንዲወጣ የሚል ደንብ አርቅቀዋል። ያረቀቀው እሱ ነው። ገንዘቡን የሚይዘው ግን ሌላ ሰው ነው።

የአጎቷ ነገርም ይጻፍ። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ወተታቸውን ያመጣሉ። እስካሁን አላናገሯትም። ወተቱ ግን ንጹሕ ነው።

ግንቦት 9

መዝጊያው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሆነ። የምስክር ወረቀት አልሰጠንም። በምትኩ ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሰው ተጠርቶ ልጁ የተረከበውን ምን እንዳደረገው ተናገረ። አንዳንዱ አጭር ነው፣ አንዳንዱ ወቀሳም አለበት። ልጆቹ ቆመው ሰሙ። የወተት ማኅበሩን ወክለው ከመጡት አንዱ አጎቷ ነበሩ። «ትለካለች» አሉና ተቀመጡ።

የሳጥኑ መዝገብ ለመጨረሻ ጊዜ ተነበበ። የተረፈው ገንዘብ ለሚቀጥለው ዙር ልጆች መነሻ እንዲሆን ተወሰነ። እኔም የኅዳሩን የፊርማ ወረቀት አውጥቼ ከመዝገቡ ጋ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። መጀመሪያው ገጽ ላይ ለጠፈችው።

ለመስከረሙ ዙር የሚታሰብ፦ ከአቃቂ በኩል ልጆች አልነበሩንም፤ ዕድሮቹ ጋ ከሰኔ ጀምሮ እንሂድ። ቦታው እንደዞረ ይቀጥል። ካለፉት 17ቱ ስድስቱ እንደ አባባ ሆነው ዕድር ለዕድር ይዞራሉ።

ድንኳኑን ከዕድሩ ነው የተዋስነው። 11 ሰዓት ላይ ነቀልነው። ሲሰጡን ካስማው 24 ነበር፣ ተፈርሞበታል። ስንቆጥር 23 ሆነ። ዝናብ ሊጥል ደመናው ከእንጦጦ በኩል ጠቁሯል፣ የመጨረሻዎቹ ሚኒባሶችም እየወጡ ነው። የኮዬ ፈጬው ልጅና የወተቷ ልጅ በስልካቸው መብራት ሣሩን እየገለጡ ናቸው።